ሳይቆረጥ የተሰጠ ጋቢ

እኔ ቁጡ ነኝ። ቤታችን ያውቀዋል፣ ጎረቤቱም ያውቀዋል፤ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት የሚመላለሱ ደንበኞችም ሳይደርሱበት አልቀሩም። አሁን የማወራው ጥፋት ግን ከቁጣዬ ሳይሆን ከኩራቴ የመጣ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው መሰለኝ፤ አንዷ ካለች ሌላዋ ሩቅ አትሆንም።

የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በሚወጣው ኮረኮንች ጫፍ ላይ፣ ከአባቴ ጋር ነው። እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። አባቴ ሸማኔ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጣው ገና ጢም ሳያወጣ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን የጨረሰው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲልክ ነው። የምናመልክበት አዳራሽም የሸማኔዎች ነው ማለት ይቻላል። ቆርቆሮ ጣሪያ አለው፤ ሰው ሲበዛ ወንበር ከጎረቤት እንለምናለን። በጸሎት ሰዓት ዓይኑን የገለጠ ሰው፣ ከፊቱ የተቀመጠው ሽማግሌ የአጠገቡን ሰው ጋቢ ጠርዝ በጣቱ ሲያሽ ሊያገኘው ይችላል። አይፈረድባቸውም። ሥራቸው ነው።

አገር ቤት ቢሆን መኸር ሲደርስ ምእመኑ ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ቅቤውን ይዞ ለምስጋና ይመጣል። እኛ እዚህ ማሳ የለንም። ስለዚህ አዳራሹን የጀመሩት አባቶች የራሳቸውን ልማድ አወጡ፤ ከመስቀል በኋላ መጀመሪያ ከሽመና ዕቃው ላይ የወረደው ጋቢ የጌታ ነው አሉ። ጥቅምት ሲገባደድ፣ በምስጋናው እሁድ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ጋቢውን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል፤ አንድ ነገር ተናግሮ ያመሰግናል፤ ያስረክባል። ጋቢው ሳይቆረጥና ሳይሰፋ፣ ከዕቃው እንደወረደ፣ አንድ ረጅም ጨርቅ ሆኖ ነው የሚቀርበው። ቆርጠን የምንሰፋው እኛ የሴቶች ኅብረት ነን። ከዚያ ከገጠር ለሕክምና መጥተው በየቤቱና በየበረንዳው ለሚያድሩ በሽተኞችና አስታማሚዎች ይታደላል። የእንጦጦ ንፋስ በዚያ ሰሞን ምን እንደሚሠራ ለጉለሌ ሰው አይነገረውም።

አምና ታኅሣሥ ላይ አባቴን ስትሮክ መታው። ቀኝ እግሩና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አሉ። ያን ጊዜ የአዳራሹ ሰዎች ያደረጉልንን ነገር ዘርዝሬ አልጨርሰውም። አንዱ አዝሎት ቁልቁለቱን ወርዶ ታክሲ ያስገባዋል፤ አንዷ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ሥራ ስገባ ተራ ገብተው ያጫውቱታል። ሁለት ሦስቱ ሲጸልዩለት ድምፃቸው ከመጉላቱ የተነሳ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት መጥቷል። ብናደድም ውስጤ ግን ይሞቅ ነበር። ብቻችንን አልነበርንም።

እግሩ ቀድሞ መጣ። እጁ ግን ቆይቶ፣ ገና በጥቂቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሰኔ ላይ አንድ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሽመና ዕቃው ሄደና ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ምን ልትሆን ነው?» አልኩት።

«ለመጪው ምስጋና ባዶ እጄን አልሄድም።»

«ማን ይጠብቅብሃል? ሁሉም ያውቃል'ኮ!»

«እኔ እጠብቃለሁ» አለ። «እጄን ለመለሰልኝ የእጄን ሥራ ነው የምሰጠው። በቃ።»

ጤነኛ ሸማኔ በሳምንት የሚያወርደውን ጋቢ አባቴ አራት ወር ሠራው። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከወዲያኛው ክፍል የማጉ አመታት ይሰማኛል፤ አንዴ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ደግሞ መወርወሪያዋ ወድቃ ስትንከባለል። የሚያነሳት ራሱ ነው፤ ልርዳህ ስለው ያባርረኛል። እኔም ተከፋሁና ተውኩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ቆሜ ሲሠራ አላየሁትም። ሥራው፣ ድካሙ፣ የታክሲው ሰልፍ፣ ሰበብ ሞልቶኛል።

መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲጋመስ ጨረሰ። አጣጥፎ በንጹሕ አንሶላ ጠቀለለውና ከምስጋናው እሁድ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ «ነገ አንቺ ትይዥልኛለሽ፤ እኔ ከዘራ አለብኝ» አለኝ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። ከዚያ ለጸሎት ወደ አዳራሹ ሄደ።

እኔ ደግሞ ከፈትኩት።

አንድ ሁለት ክንድ ያህል ገለጥኩና በቃኝ። ቀጥ ማለት የነበረበት ጠርዝ ወዲህና ወዲያ ይላል። አንዳንድ ቦታ በጣም ከመላላቱ ጣቴ ሾልኮ ያልፋል። ማጉ ተንጠልጥሎ የቀረበት አለ። ይሄ ሰው በዘመኑ ሥራው ከሌላው ሸማኔ ሥራ ተለይቶ የሚፈለግለት ሰው ነው! አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የነገውን አሰብኩት። አዳራሹ ሙሉ ሸማኔ ነው። ቢስቁበት እንኳ ደህና ነበር፤ እጣላቸው ነበር። የፈራሁት እንደሚያዝኑለት ነው። አባቴ ላይ ከንፈር ሲመጠጥ ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

ተነሣሁና ወደ ሽሮ ሜዳ ሱቆች ወረድኩ። ገና ያልተሰፋ፣ ልክ እንደኛው ረጅም የሆነ፣ ደህና ጋቢ ፈልጌ ገዛሁ። አንዷ ባለሱቅ፣ «ይሄ የጥንቃቄ ሥራ ነው እህቴ፣ እዪው» ብላ ብርሃን ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። እውነትም ያምራል። ቤት ወስጄ በዚያው አንሶላ ጠቀለልኩት፤ የአባቴን በፌስታል አድርጌ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ስለ አባቴ ልብ እንጂ ስለ እኔ ልብ አላሰብኩም።

አንድ ሸማኔ የሌላውን እጅ አይቶ እንደሚለይ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት። ማን ጠበቅ አድርጎ እንደሚመታ፣ ማን ጠርዙ ላይ እንደሚቸኩል ይተዋወቃሉ። ይሄን እያወቅሁ የሸማኔ ጉባኤ ፊት የሌላ ሰው ሸማ ይዤ ወጣሁ። ኩራት እንዲህ ያደነቁራል።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሏል። የአደይ አበባው ወራት ቢያልፍም አንድ ሁለቱ ልጆች ከየት እንዳገኙ እንጃ ይዘው መጥተዋል። ፊት ለፊት ጋቢ የሚቀበሉት የአባቴ የድሮ ባልንጀራ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም ሸማኔ ናቸው፤ የራሳቸውን ጋቢ ቀደም ብለው አስረክበዋል። ተራችን ደረሰ። አባቴ በግራ እጁ ከዘራውን ይዞ፣ እኔ ጥቅሉን ታቅፌ ወጣን። ሰው ሁሉ «ጌታ ይባረክ!» እያለ አጨበጨበለት፤ በእግሩ ሲመጣ ሲያዩት አንዳንዶቹ አለቀሱ።

ሽማግሌው ጥቅሉን ተቀበሉኝ፤ ፈቱት፤ እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ ሳብ አደረጉት። ጣታቸው ቆመ። እንደገና ሳቡት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አባቴን አይደለም፤ እኔን።

አባቴ አላየም። ማይኩ ተጠግቶለት ነበር። ከስትሮኩ ወዲህ ምላሱ ትንሽ ይያዛል፤ ቀስ ብሎ፣ «ጌታ ሆይ፣ እጄን መለስክልኝ። ይኸው የእጄን ሥራ» አለና ያን ቀኝ እጁን አንሥቶ ሸማው ላይ አሳረፈ።

ወዲያው ገባው። እጁን ከላዩ ላይ ቀስ ብሎ ሲያነሳ አየሁት፤ ያን ያህል የጎዳኝ ነገር በሕይወቴ ብዙ የለም።

ሽማግሌው ብልህ ናቸው። ወደ መዘምራኑ ዞረው፣ «እስቲ መዝሙር ያዙልን» አሉ። ኪቦርዱ ጀመረ። ከዚያ በድምፁ ተከልለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ባለፈው ሳምንት ነው ለባለሱቋ የሰጠሁት። ያባትሽ የታለ?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «አልጋ ሥር ነው ጋሼ» አልኩ።

አባቴ ዞረብኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣኝ ምነኛ በወደድኩ! ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እጄን ላሳየው መጣሁ፤ አንቺ የሰው እጅ አስያዝሽኝ» አለኝ። «እንዴት ነው አሁን የማመሰግነው?»

ወጥቼ ሮጥኩ።

ከአዳራሹ እስከ ቤታችን ዳገት ነው። የእሁድ ጫማዬ አላስኬድ ሲለኝ አውልቄ በእጄ ያዝኩት። በር ላይ የተቀመጡ ሴቶች «ምን ሆንሽ? አባትሽ ደህና ነው?» ይሉኛል፤ «ደህና ነው! ደህና ነው!» እያልኩ አልፋቸዋለሁ። አልጋዬ ሥር ገብቼ ፌስታሉን ጎትቼ አወጣሁና ቁልቁል ተመለስኩ። እየሮጥኩ የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ጌታዬ፣ አባቴ ተቀይሞ እንዳይሄድብኝ።

አልሄደም። ያው መዝሙር እየተዘመረ ነው። ስንተኛ ዙር እንደደረሱ እንጃ፤ መዘምራኑ በላብ ተጠምቀዋል፣ ሕዝቡ ግን ለምን እንደረዘመ እንኳ አልጠየቀም። ፌስታሉን ለአባቴ ሰጠሁት። አሁን እኔ አልያዝኩለትም። ከዘራውን ለእኔ ሰጠና ራሱ፣ በሁለት እጁ፣ ለሽማግሌው አቀበላቸው።

ሽማግሌው ያንን ረጅም ሸማ ከጫፉ ጀምረው ዘረጉት። አንዱን ጫፍ ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ሰጡት፤ እሱ ለቀጣዩ፣ ቀጣዩ ለቀጣዩ እያቀባበለ ሸማው በመተላለፊያው ወደ ኋላ ተዘረጋ። መጀመሪያ ያለው እኔ ያየሁት ነው፤ ጠማማው፣ የላላው። ከንፈር እስኪመጠጥ ጠበቅሁ። ማንም አልመጠጠም። ሸማኔዎቹ አንድ በአንድ ከየወንበራቸው እየተነሡ ቀረቡ፤ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አድርገው ሸማውን ተከትለው መሄድ ጀመሩ። ሽማግሌውም ከፊት ሆነው እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ጥቂት ሄደው ይቆማሉ፣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይቀጥላሉ። ግማሹን አልፈው ትንሽ ከሄዱ በኋላ ቆሙና ወደ አባቴ ጮኹ፦

«እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?»

አባቴ ሳቀ። «አገኘኸው?» አለ። «እዚያ ጋ ነው አውራ ጣቴ የታዘዘችኝ። ነሐሴ ላይ ነው። መወርወሪያዋን ያዘቻት።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ሸማ እየጠበቀ፣ ጠርዙም እየተቃና ነው የሚሄደው። የመጨረሻው ሁለት ክንድ እንደ ድሮው የአባቴ ሥራ ነው። ሰዎቹ ሁሉ በጣታቸው አንብበውታል። አራት ወር ሙሉ የተደረገለትን ነገር እዚያ ላይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይዘል አስቀምጦታል። አንደኛዋ እናት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹን የያዘው አልነበረም።

እኔ ያን ነሐሴ እዚያው ቤት ነበርኩ። አውራ ጣቱ የታዘዘችለት ቀን ምናልባት ሻይ አቅርቤለታለሁ፤ ምናልባት ስለ ታክሲ እያማረርኩ ነው የገባሁት። አልነገረኝም። ወይም ለመንገር ፈልጎ ፊቴን አይቶ ትቶታል። ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል፤ ደግሞም አመሰግናለሁ፤ ያ ሸማ አልጋ ሥር ቢቀር ኖሮ ይሄን መቼም አላውቀውም ነበር።

የገዛሁትም ጋቢ አልተመለሰም፤ ከሌሎቹ ጋር ተደረበ። ሽማግሌው አጋጣሚውን አላሳለፉትም፤ «ዘንድሮ ሁለት ጋቢ ሰጥቻለሁ፣ አንዱን ሳላውቅ» እያሉ በር ላይ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ሲቀልዱብኝ ዋሉ። ይገባኛል።

ሕዝቡ እየወጣ ሳለ አባቴ ጠራኝ። ሸማው ከፊት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጣቴን ያዘና ያቺ ቦታ ላይ አስቀመጣት።

«ተሰማሽ?» አለኝ።

እንደገና ልዋሸው አልፈለግሁም። «አልተሰማኝም አባዬ።»

አልተቀየመም። በቀኝ እጁ፣ በዚያችው በታዘዘችው አውራ ጣቱ፣ ጣቴን ተጭኖ ከላላው ወደ ጠበቀው ወሰዳት፤ መለሳት፤ እንደገና ወሰዳት። እጁ ጣቴን ለመያዝ የሚበቃ ጉልበት ነበረው። ሸማውን ትቼ ያን የእጁን ጉልበት እያዳመጥኩ፣ «አሁን ተሰማኝ» አልኩት፤ እውነቴንም ነበር።