ገመዱን አትሳቡት!

ነገሩ ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዓረፋ በዓል በኋላ በነበረው እሁድ ጠዋት ነው። ዛሬም ባጃጅ ስጠግን ሽቦ ወይም ገመድ እጄ ውስጥ ድንገት ውጥር ካለ ልቤ ይደነግጣል። በዚያን ቀን እጄ ላይ የነበረው ገመድ ሌላው ጫፍ ታናሽ እህቴ ወገብ ላይ ታስሮ ነበር፤ እሷ ደግሞ ከውሃ በታች ነበረች።

እህቴ ሙኒራ ትባላለች። ያደግነው ቡታጅራ አጠገብ፣ መስቃን ነው። ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ሄዳ፣ ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚወዱ ቱሪስቶችን በሚያመላልስ ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጠረች። እዚያው መዋኘት ተማረች፤ ቀጥሎም መጥለቅ። አሁን እንግዶቹን ከባሕር ሥር ይዛ የምትዞረው እሷ ናት። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ከሚያክል ነጠብጣብ ሻርክ ጎን ስትዋኝ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከችልን። እናታችን ስልኬን ከእጄ ነጥቃ አልጋ ላይ ወረወረችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሙኒራ ሥራ እቤት አይነሳም።

ሙኒራ ለመጥለቅ ለሚመጡ መንገደኞች በስልኳ ወሬ ትጽፋለች። ውሃው ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል፣ ምን ያህል ይቀዘቅዛል፣ የትኛው ዓሣ መጥቷል፣ ነፋሱ እንዴት ነው፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። አንዳንድ እንግዶች «አገርሽ ባሕር የለው፣ ስለ አገርሽማ ምን ትጽፊያለሽ?» ይሏታል። ይሄ ነገር ከንክኗት ኖሯል። ለበዓል ስትመጣ የመጥለቂያ ዕቃዋን ሁሉ በሚያውቃት የጭነት መኪና ሹፌር አስጭና መጣች።

«ሐረ ሸይጣን ልገባ ነው» አለችኝ።

ሐረ ሸይጣን ከቡታጅራ ወደ ወራቤ ሲኬድ ገደል ውስጥ ቁልቁል የሚታይ ክብ ሐይቅ ነው። ልጆች ሳለን ከአፋፉ ድንጋይ እንወረውር ነበር፤ ድንጋያችን ውሃው ላይ ሲያርፍ አይታየንም። ሰይጣን ይቀልበዋል ይሉናል። እኔ ዋና የሚባል አላውቅም።

«ብቻሽን?» አልኳት።

«ብቻን መግባት ክልክል ነው። እንግዳ ቢጠይቀኝ አልፈቅድለትም» አለችና ሳቀች። «አንተ ግን ገመድ ትይዝልኛለህ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለእናታችን ወራቤ ዘመድ ልንጠይቅ ነው ብለን ወጣን።

ቁልቁለቱን የአየር ሲሊንደሩን ተሸክሜ ወረድኩ። ታች ስንደርስ ሙኒራ ገመዱን ወገቧ ላይ አስራ ሌላውን ጫፍ እጄ ላይ ጠመጠመችልኝ።

«ነስሩ፣ በደንብ ስማኝ። አንድ ጊዜ ስትስብ ደህና ነሽ ወይ ማለትህ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እመልስልሃለሁ። ሦስት ጊዜ ከሳብኩ ብቻ ጎትተህ አውጣኝ። ከዚያ ውጭ ምንም ቢሆን እንዳትጎትተኝ። በፍጥነት ከወጣሁ ሳንባዬ ሊፈነዳ ይችላል።»

«መልስ ካጣሁስ?»

«አረፋውን እይ። አረፋ ካለ እየተነፈስኩ ነው። አየሩ ለአርባ ደቂቃ ይበቃኛል። ደግሞ ስመለስ ከውሃው አፍ ትንሽ ዝቅ ብዬ፣ ሰውነቴ ውስጥ የተጠራቀመው አየር እስኪወጣ እቆያለሁ። እዚህ ቦታው ከፍታ ስለሆነ ከባሕሩ የበለጠ መቆየት አለብኝ። እንዳትደነግጥ።»

«ቢስሚላህ» ብላ ገባች። አረንጓዴው ውሃ ወዲያው ሸፈናት።

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች መልካም ነበሩ። እስባለሁ፣ ትመልሳለች። እስባለሁ፣ ትመልሳለች። አረፋው ከዳር ራቅ ብሎ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እንዲያውም ልቤ ረጋ ማለት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ሳብኩ። መልስ የለም።

ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ሳብኩ። ገመዱ እንደ ግንድ ድርቅ ብሏል። ወደ ውሃው ሳይ ነፋስ ተነስቶ ፊቱን ሁሉ አርገብግቦታል። የትኛው አረፋ፣ የትኛው ሞገድ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ስሟን ጠራሁ። ከውሃ በታች ላለ ሰው መጣራት ምን ይጠቅማል? ግን ጠራሁ።

ጩኸቴን የሰሙ ሰዎች ከአፋፉ መውረድ ጀመሩ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዙሪያዬን አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆሙ።

«ማን ነው የገባው?»

«እህቴ ናት። እየጠለቀች ነው። መተንፈሻ አላት» አልኩ።

«መቼ ገባች?»

ሰዓቴን አየሁ። «ሃያ አምስት ደቂቃ።»

አንዲት እናት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው «ያ አላህ! ሞታለቻ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ ማንም የሚሰማኝ አልነበረም። ሙደሲር የሚባል ጠንካራ ጎልማሳ፣ በኋላ ነው ስሙን ያወቅኩት፣ ጫማውን አውልቆ መጣና ገመዱን ከፊቴ ያዘ።

«ልቀቅ!» አልኩት። «አይሳብም! አትሳቡት!»

«እህትህ እየሞተች ቆመህ ታያለህ?» ብሎ አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ሳበው። ገመዱ እጄን ልጦት አለፈ። ያ ድርቅ ያለው ነገር ትንሽ ከተነቃነቀ በኋላ ቆመ። ሁለተኛ ሊስብ ሲል ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩበት። ሌሎቹ እኔን ከእሱ ላይ ሊያላቅቁ ያዙኝ። «አብዷል» ሲሉ እሰማለሁ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ እኔም እሱ ልክ ይሆን እንዴ ብያለሁ። ምናልባት ሦስት ጊዜ ለመሳብ እጇ ታስሮባት ቢሆንስ?

ያዳነኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ሽኩር ይባላሉ፤ ማሳቸው አፋፉ ላይ ነው። በዱላቸው ሰዉን ገፋ አድርገው ፊቴ ቆሙ።

«ወንድሟ ነህ?»

«አዎ ጋሽዬ።»

«ምን ብላህ ነው የገባችው?»

«እንዳትጎትተኝ ብላኛለች። አረፋ ካለ እየተነፈስኩ ነው ብላኛለች።»

«አረፋውን ታየዋለህ?»

«አልታየኝም» አልኩና አለቀስኩ።

ጋሽ ሽኩር ወደ ሰዉ ዞረው፣ «እንግዲያው ሁላችሁም አፋችሁን ዝጉና ውሃውን እዩ። ሙደሲር፣ ገመዱን ልቀቅለት» አሉ። ሙደሲር ለቀቀ።

በዚያች ቅጽበት ገመዱ እጄ ውስጥ ላላ። ቀስ ብዬ ስሰበስበው ያለ ምንም ክብደት እየተንሳፈፈ መጣ። ጫፉ ከውሃው ሲወጣ ሙኒራ አልነበረችበትም።

ሴትየዋ ዋይታ ጀመሩ። ሙደሲር መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ጫፉን በጣቴ ዳሰስኩት። አልተበጠሰም፤ በስለት ተቆርጧል። ቢላዋዋን እግሯ ላይ ስታስር አይቻለሁ። የቆረጠችው ራሷ ናት፤ ስለዚህ ሲቆረጥ በሕይወት ነበረች። ይህን ለሰዉ ልናገር ቀና አልኩ።

«ያውና!» አሉ ጋሽ ሽኩር በዱላቸው እየጠቆሙ።

አረፋ ነበር። ከፊተኛው ቦታ ወደ እኛ ቀርቧል። ቀስ እያለ መጣ፣ መጣና ከዳሩ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ቆመ። አይንቀሳቀስም። ሰዉ እንደገና ይንጫጫ ጀመር፤ «ተይዛለች፣ እንግባ» ይላል። እኔ ግን ስመለስ እቆያለሁ ያለችኝን አስታወስኩ። ሰዓቴ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ይላል። እነዚያን ደቂቃዎች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። አረፋው በተቋረጠ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ቡልቅ ሲል እተነፍሳለሁ።

ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ላይ ጥቁር ጭንቅላቷ ብቅ አለ።

«አልሃምዱሊላህ!» የሚለው ድምፅ ገደሉን ሞላው። ሙኒራ መተንፈሻውን ከአፏ አውጥታ ሰዉን ሁሉ በግርምት አየችው። ወደ ዳር ስትደርስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከገደሉ ወድቆ የሰመጠ ዛፍ ቅርንጫፍ ውስጥ ገመዱ ተጠምጥሞባት ኖሯል። አንዱ ዙር የአየር ቱቦዋ ላይ ነበር። በጭፍግጉ ውሃ እጇን እንኳ ሳታይ በዳበሳ ስትፈታው ድንገት ገመዱ ተሳበ፤ ቱቦው ተጣመመና መተንፈሻው ከአፏ ወጣ። ፈልጋ መልሳ እስክትጎርሰው ውሃ ዋጠች። ሁለተኛ ከተሳበ እንደምትሞት ስላወቀች መጀመሪያ በእኛ በኩል ያለውን ቆረጠች።

«የሳብከው አንተ ነህ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እንዳትስብ አላልኩህም?»

ሙደሲር ከጎኔ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ። ደንግጬ ነው» አልኳት።

ሙደሲር ሲሊንደሩን ከጀርባዋ ተቀብሎ ያን ሁሉ አቀበት ብቻውን ተሸክሞ አወጣው። መንገድ ላይ ስንለያይ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ፤ ከዚያ ሄደ።

ሙኒራ ወሬዋን ጽፋለች። ውሃው አረንጓዴና ጭፍግግ መሆኑን፣ ከክንድ በላይ እንደማያሳይ፣ ከባሕሩ በጣም እንደሚቀዘቅዝ፣ አንድም ዓሣ እንዳላየች፣ ሥሩ በወደቁ ዛፎች የተሞላ መሆኑን ዘርዝራለች። «ብቻችሁን አትግቡ፤ እኔ ገብቼ ተሳስቻለሁ» ብላ ጨርሳለች። ማን እንደሳበው እውነቱን የነገርኳት ጅቡቲ ከተመለሰች በኋላ በስልክ ነው። «እሱም ሊያድነኝ ነበር» አለች።

ታሪኩን የሰሙ ሁሉ ጎበዝ ነህ፣ ቃሏን ጠበቅክ ይሉኛል። እኔ ግን ጉብዝና አልተሰማኝም። በዚያ ሰዓት የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ነግራኝ ስለነበር ብቻ ገመዱን እንዳይስቡት ያዝኩ። ሙኒራ ባትወጣ ኖሮ እነዚያው ሰዎች እህቱ ስትሞት ገመድ አላስነካም ያለ ወንድም ይሉኝ ነበር። እኔም ለእናቴ የምመልሰው አልነበረኝም። ትክክል የሆንኩት እሷ ስለወጣች ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ከሥራዬ ላይ ተነስቼ ትንሽ ቆም እላለሁ፤ ከዚያ ስልኬን አውጥቼ እደውልላታለሁ። «ምነው?» ትለኛለች። «ምንም፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ» እላታለሁ።