ኮት የተቀመጠበት ወንበር

ቶሚኤን ሳያውቁ ስለ ጌም የሚያወሩኝ ሰዎች ያናድዱኛል። አማጋሳኪ ከተማ ውስጥ፣ ጣሪያ ባለው የገበያ መንገዳችን ላይ፣ እሷና ባሏ ኢሶጋይ ፀጉር ቤት አላቸው። እሱ መቀስ፣ እሷ ምላጭ። እሱ ፀጉር እየቆረጠ ይለፈልፋል፤ እሷ ፂም ስትላጭ ትንፋሿም አይሰማ። እኔ ጉሮሮዬን ለማንም አምኜ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ እሷ ምላጭ ይዛ አጠገቤ ቆማ ግን ስንት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል! እጇ እንደዚያ ነው።

የእኔ ጌም ቤት ፊት ለፊታቸው ነበር። ከማሽኖቼ ሁሉ ክፉው «የብረት ወፍ» ይባላል። ትንሽ አውሮፕላን እየነዳህ ወደ ላይ ትወጣለህ፣ ጥይት ይዘንብብሃል፣ አንዷ ከነካችህ አለቀልህ። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ሰቅዬ ነበር፤ በአንድ ሳንቲም፣ ብቻውን የጨረሰ ሰው ስሙ ይጻፍበታል። ሰሌዳው ዓመታት ባዶውን ኖረ። ማሽኑ ሁለት ወንበር አለው፤ ጨዋታው መሃል ላይ ሌላ ሰው ሳንቲም ከትቶ መግባት ይችላል። ኢሶጋይ ታዲያ ማንም ገብቶ ክብሩን እንዳያበላሽበት ኮቱን አውልቆ ሁለተኛው ወንበር ላይ ያስቀምጣል። «ተይዟል!» ይላል። በማን ተያዘ? በኮት!

ከዚያ ጌሙ ለቤት ወጣ፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው፣ በካሴት። ኢሶጋይ ገዝቶ አንድ ቀን ሞከረውና ጥሎት ወደ እኔ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ፀጉር ሊቆረጥ የተቀመጠ ሁሉ ልዩነቱን ሳይሰማ አይነሳም። የማሽኑ ድምፅ ደረት ይመታል፣ የቤቱ ጢዝ ይላል። ማሽኑ አንዴ ከተመታህ ይገድልሃል፣ የቤቱ ሦስቴ ይምርሃል። ጠላት ሲበዛ የቤቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይንቀራፈፋል። ሁለት ሰው አያጫውትም፤ ካሴቱ አልበቃ ብሏቸው ቆርጠውታል። «ሁለተኛ ሰውስ እኔም አልፈልግ» ይልና ይስቃል።

እሱ የጣለውን ቶሚኤ አነሳችው። ፎቅ ላይ፣ ሩዙ እስኪበስል፣ ደንበኛ እስኪመጣ፣ ትንሽ ትንሽ እያለች ትጫወታለች። ባሏ ነገሬም አላላት። አንድ ቀን አገጬ አረፋ በአረፋ ሆኖ ተቀምጬ ሳለ፣

«ጨረስኩት» አለች።

«ምኑን?» አለ ባሏ።

«የብረት ወፍን።»

«የቱን? የቤቱን? እሱማ ውሃ የበዛበት ሾርባ ነው!»

«ይሁና። እኔ ጠጥቼ ጨርሻለሁ፤ አንተ ገና ሳህንህን ታቅፈህ ቆመሃል።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ምላጩን ቶሎ ባታነሳው ኖሮ ዛሬ ጆሮ አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ ጌም ቤቴ ያለበት ሕንፃ ሊፈርስ ሆነ። ማሽኖቹን የሚወስደው መኪና ሰኞ ከሰዓት ይመጣል ተባለ። ኢሶጋይ ፊቱ ጠቆረ። ያን ሁሉ ዓመት ተጫውቶ የመጨረሻውን ደረጃ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። «የቤቱን ተጫወት እንጂ፣ እዚያ ላይ ታየዋለህ» ስለው፣ «እሱ እሱ አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ይህን የሚያህል ሰውዬ፣ ያውም በጌም! ልስቅበት ፈልጌ አልቻልኩም።

ሰኞ ፀጉር ቤት ዝግ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መጥቶ፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ አኑሮ፣ ሞተ፣ እንደገና ጀመረ፣ ሞተ። መኪናው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ቶሚኤ ገባች። የሲጋራውን ጭስ ስለምትጠላ ከዚያ በፊት ደጄን ረግጣ አታውቅም።

«ደህና ዋሉ፣ ጋሼ? ጣውንቴን ሳልሰናበታት እንዳትሄድ ብዬ ነው» አለች፣ ማሽኑን እያየች።

ኢሶጋይ ቀና አላለም። ዓይኑን ከስክሪኑ ከነቀለ ያልቅለታል። እንደ ምንም ብሎ ሁሌ የሚሞትበትን ደረጃ አለፈ፣ ስክሪኑም ቀይ ሆነ። የመጨረሻው ደረጃ!

«አላውቀውም!» ብሎ ጮኸ። «ከዚህ ወዲያ አላውቀውም!»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለችው ከኋላው። «ግራ ጥግ ያዝ። አሁን ውረድ። ከኋላ ሁለት ይመጣሉ፣ ቆይ... አሁን!»

መንገዱ ያው ነው፤ ፍጥነቱ ብቻ ነው የተለየው። መንገዱን እሷ፣ ፍጥነቱን እሱ እያወቁ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ትልቁ ጭራቅ ጋ ደረሱ። ጭራቁ ፈነዳ። አጨበጨብን። የቤቱ ላይ እዚህ ጋ ያልቃል። ማሽኑ ላይ ግን ከእሳቱ ውስጥ ሌላ ጭራቅ ብቅ አለ።

«ይሄ እኛ ቤት የለም» አለች ቶሚኤ፤ ድምፅዋ ቀነሰ።

ጥይቱ ስክሪኑን ሞላው።

«ኮቴን አንሺው!» አለ ኢሶጋይ።

«ምን?»

«ኮቴን አንሺውና ተቀመጪ! ጋሼ፣ ሳንቲም ይክተቱላት!»

«ሰሌዳውስ? ብቻህን መጨረሱስ?» አልኩት።

«ሰሌዳው ገደል ይግባ!»

ከተትኩላት። ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ትንሽ እንደተዋጉ የሱ አውሮፕላን ተመታች። አበቃለት። ከወንበሩ ተነስቶ ከኋላዋ ቆመና «ትንሽ ብቻ ተንቀሳቀሺ! አትሽሺ፣ በመሃላቸው እለፊ!» እያለ ይለፈልፍባት ጀመር።

«ዝም በል» አለችው። «ጉሮሮ ላይ ነኝ።»

ዝም አለ። መኪና ጫኙም ገብቶ ከኋላችን ቆመ። እጇ ሲንቀሳቀስ አይታይም፤ አውሮፕላኗ ግን በጥይቶቹ መሃል ሾልካ ሾልካ ትወጣለች። ያን የመሰለ ነገር ያን ሁሉ ዓመት ጌም ቤት ስከፍት ስዘጋ አላየሁም። ጭራቁ ሲፈነዳ ሰማዩ ነጋ፣ ወፊቱ በባሕር ላይ ስትበር ታየች። ኢሶጋይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ኮቱን አራግፋ አለበሰችው።

ማሽኑን ነቅለው ወሰዱት። ሰሌዳው ላይ የማንንም ስም አልጻፍኩም፤ ሕግ ሕግ ነው። እሱም አልጠየቀኝም።

ባለፈው ሰሞን ልላጭ ሄጄ ተራ ስጠብቅ አንድ አዲስ ደንበኛ፣ «እውነት የማሽኑና የቤቱ ያን ያህል ይለያያሉ?» ብሎ ኢሶጋይን ጠየቀው። ድሮ ቢሆን ፀጉሩ አልቆ ወሬው አያልቅም ነበር። ኢሶጋይ መቀሱን አቆመና ምላጭ ወደምትስለው ሚስቱ ዞሮ አየ።

«የቤቱ አንድ ወንበር ይጎድለዋል» አለ።