ያጠብኩት አንሶላ

ይህ የሆነው ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ክረምት ነው። እኔ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ የቀሩኝን ሦስት ጥርሶች እንኳ የት እንዳሉ በምላሴ ፈልጌ ነው የማገኛቸው። ይሄ ግን አልረሳ አለኝ። ፊደል ስለማላውቅ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

ልጄ ታደሰ ጅግጅጋ ውስጥ የሱቅ ግድግዳ ላይ ይሥል ነበር። ወተት የሚሸጥበት ከሆነ ግመል፣ ጥርስ የሚነቀልበት ከሆነ ጥርስ። እኔ መሃይሟ ከተማውን የማነበው በሱ ሥዕል ነው። "ከቀዩ ግመል ወደ ቀኝ" ካሉኝ አልጠፋም።

ከዚያ አእምሮውን ታመመና ሆስፒታል ተኛ። እኔም አስታማሚ ሆኜ አብሬው ከረምኩ። ሁለት ወር ቃል አልተነፈሰም። "ታዴ፣ ሙሽራ እንኳ እንዳንተ አትኮራም" እያልኩ አሾፍበታለሁ። ወይ ፍንክች።

ከጎናችን ሃዎ የምትባል፣ ከሐርተሼክ ገጠር የመጣች ሶማሌ ሴት ባሏን ታስታምማለች። ሰውዬው ግመሎቹ በድርቅ ካለቁ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።

አንድ ጊዜ ልጄን ለሷ አደራ ብዬ ደምበል የሚባል ገጠር ለቅሶ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ታደሰ መርፌ ሊወጋ ወጥቷል። ከቤት ያመጣሁለት አንሶላ ሻይና ከሰል ተለቅልቋል። ዓይኔ ደካማ ነው፣ እድፍ መሰለኝ። እናት እያለችው እንዲህ ይተኛ ብዬ አፈርኩ። ግቢ አውጥቼ በበረኪና ፈተግኩት። እኔ ሳጥብ ደግሞ አልምርም።

ሳሰጣው ሃዎ መጣች።

"ኤዶ፣ ግመሎቹስ?" አለችኝ፤ ኤዶ በነሱ አክስት ማለት ነው።

"የምን ግመል?"

ለካ ባሏ የሞቱበትን ግመሎች በየስማቸው እየጠራ ሲነግረው፣ ልጄ በሻይና በከሰል አንሶላው ላይ አንድ በአንድ ሲሥልለት ነው የሰነበተው። ሰውዬው ስቆ ነበር አለችኝ።

ታደሰ ተመልሶ ገመዱ ላይ ያለውን አንሶላ ብዙ ቆሞ አየው።

"ፀዳ፣ እማዬ?" አለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ የሰማሁት ድምፁ ይሄ ነው። ቀለም ገዛሁለት፣ ቡሩሽ ገዛሁለት፣ ለመንኩት። ከዚያች ቀን ወዲህ አልሣለም።

አሁን ቤት ነው ያለው። ቀዩን ግመል ፊደል ያለበት ባነር ሸፍኖታል። በቀደም እዚያው ሥር ቆሜ መንገድ ጠፋኝ። ገብቼ ነገርኩት፤ በናትህ ሳቅብኝ አልኩት። ሄዶ አልጋው ላይ ተጋደመ።

ያንን አንሶላ እስካሁን አነጥፍለታለሁ። ነጭ እንደሆነ አለ።