ሁለት ሜትር ከፍ አድርጉት

ሦስት ዓመት ሙሉ ለፈለፈ። የስልክ ታወር ቴክኒሻን ነው፤ የሰፈሩ ታወር ረባዳ ቦታ ላይ ተተክሎ ባትሪዎቹ መሬት ላይ መቀመጣቸው እንቅልፍ ነሳው። ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም፤ ውኃው በየዓመቱ አጥሩን እያለፈ ይገባል። «ሁለት ሜትር ከፍ አድርጉት!» ብሎ አለቃው ፊት ያልቆመበት ወር የለም። አለቃው ግን የወርኃዊ ምርመራውን ቅጽ ይዘረጋለታል፤ ቅጹ ላይ ያለው «ይሠራል» እና «አይሠራም» ብቻ ነው።

«ዛሬ ይሠራል አይደል? በቃ፣ ምልክት አድርግና ሂድ። ወደፊት ይሰምጣል የሚል ሳጥን የለንም።»

እሱም እያጉረመረመ «ይሠራል» ላይ ምልክት አድርጎ ይወጣል።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ይህን ሰምቶ «ከፍ አድርጉት» የሚል ስም አወጣለት። ሲያልፍ ካየው ከስፌት መኪናው ቀና ይልና፣ «ከፍ አድርጉት! ዛሬስ ባትሪውን ነው ሱሪህን?» ይለዋል። ሰፈሩ ይስቃል፤ እሱም እየተሳደበ አብሮ ይስቃል።

ወንዙ ሲሞላ የሰፈሩ መድኅን የቴክኒሻኑ ታላቅ እህት ነበረች። ከላይ፣ ድልድዩ አጠገብ ስለምትኖር ውኃው ድልድዩን ሲነካ ትደውልለታለች፤ እሱ ሰፈሩን በጩኸት ያስወጣል።

የዚያን ቀን ከሰዓት ግን ወንዙ ገና ሳይሞላ የዝናቡ ውኃ ታወሩ ግቢ ገብቶ ባትሪዎቹን ዋጣቸው። ስልክ ጠፋ። እሱ ወደ ታወሩ ሲሮጥ ወንዙ ሰፈሩን ሳይታሰብ ደረሰበት። ሰው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ሲሸሽ ልብስ ሰፊው ለስፌት መኪናው ተመለሰ። ሬሳው በማግስቱ ተገኘ።

በሦስተኛው ቀን አለቃው አዲስ ባትሪ አስጭኖ መጣ።

«የት እናስቀምጠው?» አሉ ሠራተኞቹ።

«የት ይሆናል? በነበረበት!»

አስቀመጡት፤ ታወሩ በራ። አለቃው ቅጹን አቀበለው። «ይኸው ይሠራል፤ ፈርም።»

ይሄኔ የቴክኒሻኑ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። መልእክት ነው፦ በጎርፉ ቀን እህቱ አሥራ ሰባት ጊዜ ደውላለች። የመጀመሪያው ጥሪ፣ ውኃው ሰፈሩ ከመግባቱ ሃምሳ ደቂቃ በፊት ነበር።

«ሃምሳ ደቂቃ!» ብሎ አንባረቀ፤ አንቱታው የት እንደገባ እንጃ። «አንተ ሰውዬ፣ በሃምሳ ደቂቃ ልብስ ሰፊው ልጆቹንም፣ መኪናውንም፣ ጨርቁንም ያወጣ ነበር! እኔስ ብሆን? ሦስት ዓመት ይሠራል እያልኩ የፈረምኩበትን እጄን በቆረጠው!»

ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «አይሠራም» ላይ ምልክት አደረገና ፈረመ።

«እየሠራ?» አለ አለቃው።

ቴክኒሻኑ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ፣ «አውጡት! ሁለት ሜትር ከፍ አድርጉት!» አለ። ሠራተኞቹ አለቃውን አንዴ አዩት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ባትሪውን ያዙ። በዚያ ቃል የሚስቅበት ሰው ግን ተቀብሯል።