የተውሶ በጎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዝናብ የመታው ብርድ ልብስ አጥር ላይ ተሰጥቶ ባየሁ ቁጥር፣ የእርጥብ በግ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬን ይዞ አንኮበር፣ አባቴ ግቢ ይጥለኛል፤ ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ካለ ወዲህ በሌላ መንገድ አልሄድም።

ያን ክረምት በሽታ ገብቶ በጎቻችንን ሲፈጅ አራት ብቻ ቀሩን። ታላቅ እህቴ የሺ ደግሞ ገበያ ያየችውን ጎበዝ በልቧ ይዛ፣ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ የሚልኩበትን ቀን ትጠብቅ ነበር። በእኛ አገር ሁለቱ ወገን ለሙሽሮቹ እኩል ከብት ካላዋጡ ጋብቻ አይታሰብም ነበርና፣ ሽማግሌ ሲመጣ ከልጅቷ በፊት በረቱን ነበር የሚያየው።

ኅዳር ላይ ጾሙ ሳይገባ መጡ። አባቴ ከጎረቤታችን ከአያ ወንድሙ ሃያ በግ ተውሶ፣ ከአራቱ ጋር ቀላቅሎ፣ እኔን የበረቱ በር ላይ አቆመና «ሰዎቹ እስኪሄዱ ንቅንቅ ብትል እንተያያለን!» አለኝ። ቆምኩ። ግን የዶሮ ወጡ ሲሸተኝ፣ ያኔም ሆዴ ከጭንቅላቴ ይበልጥ ነበርና፣ በሩን ትቼ በጓሮ በኩል ቤት ገባሁ።

በግ ደግሞ ሲመሽ ቤቱን አይስትም። ሽማግሌዎቹ ሊሰናበቱ ደጅ ሲወጡ፣ ሃያው በግ ተሰልፎ ወደ አያ ወንድሙ ግቢ ይገባል።

«ምነው አቶ ተሰማ፣ በጎችዎ ወዴት ነው?» አሉ አንደኛው።

«ው... ውሃ ሊጠጡ ነው» አለ አባቴ።

«እንግዲያማ መዛመዱ ከባለውሃው ጋር ነዋ!»

ሳቁ። እኛም ቀልድ መስሎን ነበር። ጥር ላይ ያ ጎበዝ የአያ ወንድሙን ልጅ አገባ፤ እኔም ሰርጉ ላይ ሄጄ፣ ሳላፍር፣ ሁለቴ በላሁ። የሺ በበልጉ ለሚ የሚባል አገር ላለ፣ ሚስቱ ለሞተችበት፣ በዕድሜ አባቷን ለሚያህል ሰው ተሰጠች። ስትሄድ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን የልጅ ልጄን የሚፈልጋት ልጅ አለ። በስልክ ተዋውቀው ተዋደዱ፤ ግን ለአዳራሹ፣ ለቤት ኪራዩ እያሉ አራት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው ሰሞን ሊተዋወቀኝ መጥቶ ገና ቁጭ እንዳለ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ከአፌ የወጣው «ቤት አለህ?» የሚል ሆነ። ልጁ አቀረቀረ። ልትጠይቀኝ ከለሚ የመጣችው የሺ አጠገቤ ነበረች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እሱ ዘንበል አለችና «ልጄ፣ እሷስ ትወድሃለች?» አለችው።

ያኔ ይህን የጠየቀ ሽማግሌ አልነበረም። ዛሬም እኔ አልጠየቅሁም።