ባዶው የግራ መስመር

ቅዳሜ ጠዋት ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ካፌ፣ ባንኮኒውን ተደግፈን የዘመናችንን ምርጥ አሥራ አንድ ተጫዋቾች እንመርጣለን። የድሮዋ ካፌያችን ስለፈረሰች ወደዚህች ተዛውረናል፤ ያውም ያለ ፊርማ ክፍያ። እኔ ድሮ ሁሉም ወርቅ ነበር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ቀርፋፋ ነበሩ፤ ሜዳው አባጣ ጎርባጣ ስለነበር ኳሷ በራሷ ጊዜ የነጠረችውን ሁሉ ጥበብ ብለን ቆጥረንላቸዋል። ይህን ስል ጫማ ነጋዴው ወዳጄ፣ ከእናትህ ሆድም የወጣኸው ተቃውመህ ነው ይለኛል።

ችግራችን የግራ ተከላካዩ ነበር። በወጣትነታቸው ከከተማዋ ክለቦች በአንዱ በዚያ ቦታ የተጫወቱት ጋሼ አጠገባችን ቆመው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ፊት ለፊታቸው እሳቸውን መምረጥ ሽንገላ ይሆናል፤ ሌላ ሰው መምረጥ ደግሞ ስድብ። ስለዚህ ማንም ሳይመክርበት አንድ ልማድ አበጀን። በረኛውን፣ ቀኝ ተከላካዩንና ሁለቱን የመሐል ተከላካዮች መርጠን ልክ ግራው ላይ ስንደርስ ወሬ እንቀይራለን። ጫማ ነጋዴው ከስልኩ የዝውውር ወሬ ያነብባል፤ እሱ ካነበበው አንድም ዝውውር ተፈጽሞ አያውቅም። ወሬ ሲያልቅበት የአንድ የፖላንድ ተጫዋች ስም ያነሳል፤ ፊደሎቹ እንደ ማታ የታክሲ ተሳፋሪ የሚጋፉበት ስም ነው። አንዳችን፣ የቴሌቪዥኑ ኮሜንታተር እንዲህ ነው የሚጠራው ሲል፣ ሌላው በአገሩ እንደዚያ አይባልም ይላል። ፖላንድን ያየ በመካከላችን የለም። ክርክሩ ሲበርድ በቀጥታ ወደ አማካዮቹ እንሻገራለን። እንዲህ እያልን ቡድናችን ለዓመታት በአሥር ሰው ተጫወተ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ፣ የፖላንዱ ልጅ ስም ገና ከመነሳቱ ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"የሱን ስም እናቱ ትጥራው። የኔን ቦታ ማን ይዞታል?"

ጫማ ነጋዴው ስልኩን ከፍቶ የሚያነበው አጣ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ተቃዋሚ የሚፈለገው እንዲህ ባለ ቀን ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ስታዲየም ይዞኝ ሲገባ ጋሼን አይቻቸዋለሁ። ታታሪ ነበሩ፤ ፈጣን ግን አልነበሩም። ይህን ደግሞ ከማናችንም በላይ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ተጠባባቂ ነዎት" አልኳቸው።

ጫማ ነጋዴው እግሬን ረገጠኝ። የጋሼ ፊት ግን አልተለወጠም።

"የማን ተጠባባቂ?"

"የድሬዳዋው ልጅ፣ በክለብዎ አብሮዎት የነበረው።"

"እሱስ እውነት ነው። ልምምድ ላይ ፍጥነቱን እኔንም አሳይቶኛል" አሉና ሳቁ። "እኔ እኮ ጭራሽ የረሳችሁኝ መስሎኝ ነው፣ ያ የፖላንድ ስም በተነሳ ቁጥር ማኪያቶዬን ጨልጬ የምሄደው።"

እኛ ደግሞ ማክበራችን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቡድናችን ሞልቷል፤ ሰላማችን ግን ቀንሷል። ጋሼ በየቅዳሜው፣ የድሬዳዋው ልጅ ከእረፍት በኋላ ትንፋሽ ያጥረው እንደነበር እያስታወሱ መቼ እንደሚቀየር ይጠይቃሉ። እኔ ገና አልደከመም እላለሁ። ጫማ ነጋዴው ያስታርቃል። ባለፈው ሳምንት፣ ቡድናችን እየመራ ነው በሚል ስምምነት በመጨረሻ አስገባናቸው። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ለጫማ ነጋዴው አስያዙት።