መላጣው አባቴ የፀጉር መድኃኒት ሲጠይቁኝ

ወገኖቼ፣ የምትወዱት ሰው መታመሙን እያያችሁ፣ ለመጠየቅ ግን አፍራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ጌታ ለቤታችን ያደረገውን ሳልናገር ብቀመጥ ዕረፍት የለኝምና ጥቂት ስሙኝ።

ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፀጉሬ ከግንባሬ እየሸሸ ሲያስቸግረኝ ከአንድ ሱቅ የዕፅዋት እንክብል ገዛሁ። ብልቃጡ ላይ «ለፀጉር መነቃቀልና ለፕሮስቴት ጤና» ይላል። እኔ ልብ ያልኩት ፀጉሩን ብቻ ነው። ለበዓል ሉማሜ ቤተሰቦቼ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ልመለስ ስል አባቴ፣

«ያንን እንክብል ተውልኝ፤ ፀጉሬ ሳሳ» አሉኝ።

እናቴ ሳቋ አመለጣት። «የቱ ፀጉር? አንቱ፣ እኔ ሳገባዎትም አልነበረ!»

እኔም ስቄ ተውኩላቸው። ቆይተው ግን «አልቋል፤ ሌላ ላክልኝ» ብለው ደወሉ። ልገዛ ሄጄ ብልቃጡን ሳገላብጥ «ፕሮስቴት» የሚለው ቃል ዓይኔ ላይ ተተከለ። በበዓሉ ሰሞን አባቴ በጸሎት መካከል እየደጋገሙ ወደ ሽንት ቤት ይወጡ የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለ የወንድ ዕጢ ነው፤ ሲያብጥ የሽንቱን መውጫ ያጠብበዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳለሁ። የገዛ አባቴን «ሽንትዎ እንዴት ነው?» ማለት ግን ተራራ ሆነብኝ።

ሉማሜ ስደርስ ደጃቸው ላይ ቆሜ «ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ» አልኩ። ስሙ ይባረክ፣ ከፈተልኝ! ገብቼ ጠየቅኳቸው።

አባቴ መሬት መሬት አዩ። «ከጠዋት ጀምሮ ጠብ አላለልኝም» አሉ። «ይሄ ለማን ይነገራል፣ ልጄ?»

«ለእኔ፣ አባባ። አሁን ተነሡ፣ እንሂድ።»

ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሙ ሽንቱን በቱቦ አወጡላቸው። «እንክብሉ ይህን አይከፍትም» አሉኝ። «ቤት ቢቆዩ ኩላሊታቸው ይጎዳ ነበር።» በኋላም ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ናሙናው ሲመረመር ካንሰር አልተገኘበትም። ሃሌሉያ! የሐኪሙን እጅ የያዘ ጌታ ይመስገን!

ዛሬ አባቴ ደኅና ናቸው፤ እንደ ልባቸው ተኝተው ያድራሉ። እኔም በዚያ ደጃፍ የሰማኝን አምላክ አመሰግናለሁ። ወገኖች፣ እርሱን ታመኑት፤ ለኀፍረታችንም ይራራል። አባት ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ እናንተም ሞክሩት፦ መጀመሪያ ጸልዩ፤ ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ጠይቋቸው።